ከሲታ በሬ የሚገዛ ገበሬ፣ የሰባ የሚገዛ ክለብ

ገለምሶ ከብት ገበያ የገባሁት ስለ እግር ኳስ ለመጻፍ አስቤ አልነበረም። የበዓል ሰንጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን እንዲያ እሳት እንደሚሆን ከምንጩ ልጠይቅ ነበር። ከጭሮ ተነስቶ በበዴሳ በኩል ገለምሶ ወዳለችበት ሐብሮ የሚወስደውን መንገድ የያዘ የኢኮኖሚ ጸሐፊ ጫቱን፣ ቡናውንና በሬውን ሳይጠይቅ ከተመለሰ የነዳጁን ገንዘብ በከንቱ አቃጥሏል።

ገበያው መሀል ጢማቸውን በሒና ያቀሉ አንድ አዛውንት አንድ በሬ ሲዞሩ አየኋቸው። በሬው ከሲታ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ከጎኑ ደግሞ ጠጉሩ የሚያብለጨልጭ፣ ሻኛው ወደ አንድ ወገን የተጋደመ ሰንጋ ታስሯል። አዛውንቱ ሰንጋውን ዞር ብለው አላዩትም። የከሲታውን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን አዩ። ከሻኛው እስከ ጭራው ሥር ጀርባውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ የጎኑን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ሳቡና ለቀቁት። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

"ምን አይተው ነው አባቴ?" አልኳቸው።

"ቆዳው ሰፊ ነው። ገና ብዙ ሥጋ ይይዛል።"

"ያኛውስ?" ወደ ሰንጋው ጠቆምኩ።

"ያኛውማ ሞልቷል አቦ! እኔ ምን እጨምርበታለሁ? የደከመበት ሰውዬ ትርፉን ይዞት ሄዷል።"

ሐረርጌ ላይ ሰው በቀላሉ "አንተ" ይልሃል፤ እኔ አንቱ ስላቸው እሳቸው አንተ እያሉኝ ሥራውን አስረዱኝ። በሬው ይገዛል፤ ከእርሻ ሲመለስ ደጅ ላይ ይታሰራል። የማሽላው ቡቃያ ሲሳሳ የተነቀለው፣ የበቆሎው አገዳ፣ ከጫቱ የተረፈው ገራባ እየታጨደ እየተለቀመ አፉ ድረስ ይቀርብለታል። ወራት ይፈጃል። ሚስትም ልጅም ይሠሩበታል። ጊዜው ሲደርስ "የሐረር ሰንጋ" የሚል ስም ተሸክሞ ወደ መሀል አገር ይጫናል። "ሁሉም ይሰባል?" ብዬ ጠየቅኩ። "የማይሰባም አለ። የሚታመምም አለ። ለዚያ ነው ስትገዛ ርካሽ መሆን ያለበት" አሉኝ። በሁለት ዓመት የቢዝነስ ትምህርት ያልገባኝን የአደጋ ሥጋት ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ሣሩ አልቆ አቧራ ብቻ የቀረበት ሜዳ ላይ ልጆች ሲለማመዱ ቆሜ ሳይ ነው ይህ ጽሑፍ የመጣልኝ። ከሠላሳ በላይ ይሆናሉ። ግማሾቹ በፕላስቲክ ጫማ፣ ጥቂቶቹ በባዶ እግር ይጫወታሉ። ኳሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ተንፍሷል። አሰልጣኙ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ልጆቹ "ኮች" ይሉታል። ደመወዝ የለውም። በአገራችን አጠራር ይህ "ፕሮጀክት" ነው፤ የታዳጊ ቡድን ሁሉ ስሙ ፕሮጀክት ነው፣ በጀት ይኑረው አይኑረው። "እዚህ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ትልቅ ቡድን ገብቷል?" አልኩት። "ሙከራ የሄዱ አሉ። አንዱን ወደውት ነበር፤ በኋላ ልምድ ያለው ሰው ስላስፈረሙ መለሱት" አለኝ። ልጁ አሁን ባጃጅ ይነዳል።

የጠዋቱ አዛውንት ከሲታውን ገዝተው ያሰባሉ። ክለቦቻችን የሰባውን ይገዙና ያከሱታል። የዚህ ዓምድ ጉዳይ ይኸው ነው።

ክረምት ሲገባ የስፖርት ዜናው ሁሉ "አስፈረመ" በሚል አንድ ግስ ይሞላል። እገሌ ከተማ እገሌን አስፈረመ፤ እገሌ ቡና የእገሌን ውል አራዘመ፤ እገሌ ባንክ ሦስት ተጫዋቾችን በአንድ ቀን የግሉ አደረገ። ፎቶው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ ማሊያ የያዘ ተጫዋች። ደጋፊው ይደሰታል። ሰኔ ላይ ያው ቡድን ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ረስቶ በመስከረም ሻምፒዮንነት ይመኛል። በዚሁ ክረምት ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ ሁለት ዓመት የተጠበቀ አማካይ ወደ ዋናው ቡድን ቢያድግ ዜናው ከታች አንድ መስመር ነው፤ እሱም ከተጻፈ። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይላሉ አባቶች፤ የዝውውር መስኮቱን ያዩ ይመስል።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ጥቂት ወደ አሜሪካ ልሻገር። እዚያ ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚጫወቱት፣ እነሱ ግን "እግር ኳስ" የሚሉት ስፖርት አለ። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ አዳዲስ ተጫዋቾችን ክለቦች በየዓመቱ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። (ድራፍት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ብርጭቆ እንደሆነ አውቃለሁ።) ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። ተራን መለዋወጥም ይቻላል፤ አንድ ክለብ ቀድሞ ለመምረጥ ብሎ ብዙ የኋላ ተራዎችን ለሌላው ይሰጣል።

ኬድ ማሴይና ኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር ይህንን ልውውጥ እንደ ገበያ ወስደው አጠኑት። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሔት ታተመ፤ ርዕሱም "የተሸናፊው እርግማን" እንደማለት ነው። ያገኙት ነገር ባለሙያዎቹን የሚያሳፍር ነበር። ክለቦች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከልክ ያለፈ ዋጋ ይከፍላሉ። ቀድሞ የተመረጠው ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው ይሻላል ብሎ መወራረድ ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይለይም። ደመወዙ ሲቀነስ ለክለቡ ትልቁን ትርፍ የሚያስገኙት የአንደኛው ተራ ኮከቦች ሳይሆኑ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ አካባቢ የሚገኙት ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ስለ ወለድ ያገኙት ነው። ክለቦች ዘንድሮ አንድ ተጫዋች ለማግኘት የሚቀጥለውን ዓመት የተሻለ ተራ ሲሰጡ የሚከፍሉት ወለድ ሲሰላ በዓመት 136 በመቶ ይሆናል። በእኛ አገር በዚህ ወለድ የሚያበድር አራጣ አበዳሪ ቢገኝ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን እያነሳ ይረግመው ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መነሻው ከስፖርት ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተውለው ጻፉ፤ በባሕር ውስጥ ነዳጅ ፍለጋ ጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች ካሰቡት ያነሰ ያገኙ ነበር። ምክንያቱ ሲያስቡት ቀላል ነው። አሥር ሰው ገለምሶ ገበያ ላይ አንዱን በሬ ቢገምት አንዳንዱ አሳንሶ፣ አንዳንዱ አብዝቶ ይገምታል። ጨረታ ከሆነ በሬውን የሚወስደው ከሁሉ አብዝቶ የገመተው ነው። ስለዚህ አሸናፊው በአብዛኛው ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው ሰው ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህንን "የአሸናፊው እርግማን" ይሉታል። አንድ አጥቂ በአንድ ዓመት 15 ግብ ካገባ በኋላ አምስት ክለቦች ሲሻሙበት የሚሆነውም ይኸው ነው። በእሱ ላይ ከሁሉ የበለጠ ተስፋ የጣለው ክለብ ይወስደዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ግብ ሲያገባ ደጋፊው ይሳደባል፤ ልጁ ግን አልተለወጠም። ያ 15 ግብ የእግሩ ብቻ አልነበረም፤ የዕድልም፣ የኳስ አቀባዩም፣ የአሰልጣኙም ነበር።

ለታዳጊው ግን ጨረታ የለም። ቤት ውስጥ ስለሆነ ማንም አይሻማበትም፤ ስለማይሻሙበትም ዋጋ ያለው አይመስልም። የአዲሱን ድክመት ማንም አያውቀውም፤ የታዳጊውን ድክመት ግን አሰልጣኙ፣ የቡድን መሪው፣ ማሊያ አጣቢው ሳይቀር ያውቀዋል። ግራ እግሩ ደካማ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይፈራል፤ እናቱ ስትታመም ልምምድ ቀርቷል። ስለ አንድ ሰው ብዙ ማወቅ ዋጋውን ሲቀንሰው፣ ስለ ሌላው ምንም አለማወቅ ዋጋውን ሲሰቅለው ማየት ለኢኮኖሚ ጸሐፊ ከባድ ነው፤ መረጃ ዋጋ አለው ብለን ስናስተምር ነበርና።

የሒሳብ መዝገቡም ያግዛል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ሥርዓት፣ በደረጃ ቁጥር 38፣ በራስ ቤት የተፈጠረን የማይዳሰስ ሀብት በአብዛኛው ሀብት ተብሎ እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ገንዘብ ወጥቶበት ከሌላ ክለብ የተገዛ ተጫዋች ሀብት ተብሎ ይጻፋል፤ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በቤት ያደገው ግን ወጪ ነው፣ ዋጋው ዜሮ። የክለቦቻችን መዝገብ በዚህ ደረጃ ይያዛል ብዬ ራሴን አላታልልም። አስተሳሰቡ ግን ያው ነው፤ ታዳጊ ቡድን የበጀት ስብሰባ ላይ የሚነሳው "ምን እንቀንስ?" የተባለ ቀን ነው።

ይህ ሁሉ በአሜሪካም በአውሮፓም አለ። የእኛን የሚያከፋው ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል መንግሥት ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። የቲኬት ገቢ ኢምንት ነው፤ የቴሌቪዥን መብት በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ዓመት ውል ለሱፐርስፖርት ሲሸጥ የተነገረው 22.5 ሚሊዮን ዶላር ትልቅ ዜና ነበር፤ በዓመትና በክለብ ሲካፈል ግን አንድን ሙሉ ቡድን የሚያኖር አይደለም። ጉድለቱን የሚሞላው በጀት ነው። የሃንጋሪው ኢኮኖሚስት ያኖሽ ኮርናይ እ.ኤ.አ. በ1980 በጻፈው መጽሐፍ የሶሻሊስት ፋብሪካዎችን ችግር "ለስላሳ የበጀት ገደብ" ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ፋብሪካው ቢከስርም መንግሥት እንደሚደጉመው ስለሚያውቅ አይጠነቀቅም። ኮርናይ ስለ ከተማ ክለቦቻችን የጻፈ ይመስላል። ክረምት ላይ ያስፈርማሉ፤ የካቲት ላይ ደመወዝ ያጣሉ፤ ተጫዋቾች ልምምድ ያቆማሉ፤ ከንቲባው ተጨማሪ በጀት ያጸድቃል። ያ ገንዘብ ከውሃ መስመር ወይም ከትምህርት ቤት ጣሪያ እንደተቀነሰ ማንም አይጽፍም።

ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መሣሪያው ግን ትክክል አልነበረም። የዋጋ ጣሪያ የሚሠራው ፍላጎቱ ሲቀንስ ነው፤ እዚህ ፍላጎቱ እየጨመረ ጣሪያ ተሠራ፤ ስለዚህ ገንዘቡ በጣሪያው ሥር መሄዱን ትቶ በጓሮ መሄድ ጀመረ። ስኳር በተመን ሲሸጥ ከሱቁ ጀርባ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም። በቅርብ ዓመታት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቦችን ጠቅላላ ወጪ የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ ይዞ መጥቷል፤ አንድን ተጫዋች ከመገደብ ይልቅ አጠቃላይ ወጪውን መገደብ የተሻለ መሣሪያ ነው። ግን ወጪ መቀነስ ብቻውን ታዳጊ አያሳድግም። የተራበ ክለብ መጀመሪያ የሚቀንሰው የትኛውን እንደሆነ ከላይ ብያለሁ።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ አለ፤ እሰማዋለሁ። "ገንዘብ ዋንጫ ይገዛል" ይላል። ልክ ነው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከታችኛው ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ጓዙን አሟልቶ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ መድን ሄደ። ባንክና ኢንሹራንስ፤ የገንዘብ ተቋማቱ በመደርደሪያው ላይም ጎረቤት ሆኑ። ነገር ግን በመስከረም 2017 ዓ.ም. ንግድ ባንክ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስ ገጥሞ በሁለቱ ጨዋታዎች ድምር 7 ለ 0 ተሸነፈ። በአገር ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ የተጫዋች ክምችት ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ማዞር የአገር ውስጥ ዋንጫ ያስገኛል፤ ክምችቱን ግን አያሳድገውም። ገበያው ውስጥ ያለው በሬ ያው አንድ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ይለዋወጣል።

ሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። የአይቮሪ ኮስቱ አሴክ ሚሞዛስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፈረንሳዊው አሰልጣኝ ዣን ማርክ ጊዩ ጋር አቢጃን ላይ አካዳሚ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክለቡ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ብዙ ሻምፒዮኖቹን ለቀቀና በ1999 የአፍሪካ ሱፐር ካፕ ላይ የአካዳሚውን ለጋ ልጆች አሰለፈ። ሰው "አብደዋል" አለ። ልጆቹ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 አሸነፉ። ኮሎ ቱሬና ዲዲዬ ዞኮራ ከዚያ ትውልድ ናቸው፤ ያያ ቱሬም የዚያው ቤት ፍሬ ነው። ሴኔጋል ውስጥ ጄኔራሲዮን ፉት የተባለው ቤት ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ተሳስሮ ሳዲዮ ማኔን አወጣ።

የእኛስ? አቡበከር ናስር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ኢትዮጵያ ቡናን ተቀላቅሎ ነው ያደገው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዓመት፣ በ21 ዓመቱ፣ 29 ግብ አግብቶ ለሃያ ዓመት የቆየውን የዮርዳኖስ ዓባይን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገዛው። ያንን ልጅ ቡና በ18 ዓመቱ "ልምድ የለውም" ብሎ ወንበር ላይ ቢያስቀምጠው፣ በቦታውም የሠላሳ ዓመት አጥቂ ቢያስፈርምበት ኖሮ ክብረ ወሰኑም ሽያጩም አይኖርም ነበር። ስንቶች እንደዚያ ወንበር ላይ ቀሩ? ያልተሰለፈ ልጅ ያላገባው ግብ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ታዳጊ ማሳደግ ነጻ ነው እያልኩ አይደለም። ዋናው ወጪው ገንዘብ እንኳ አይደለም፤ የጨዋታ ደቂቃ ነው። ልጅ በስሕተቱ ነጥብ ያስጥላል፤ ነጥብ የጣለ አሰልጣኝ ደግሞ ይባረራል። የአሰልጣኙ ዕድሜ በወራት፣ የልጁ ብስለት በዓመታት ሲለካ አሰልጣኙ የሰባውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ከፈለጋችሁ በቁጥር እንየው፤ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ የከተማ ክለብ ሦስት ተጫዋቾችን እያንዳንዳቸውን በወር በ150,000 ብር ቢያስፈርም በዓመት 5.4 ሚሊዮን ብር ያወጣል። በወር 3,000 ብር ለምግብና ለትራንስፖርት ቢታሰብ በዚያው ገንዘብ 150 ታዳጊ ዓመቱን ሙሉ ይሠለጥናል። ከመቶ ሃምሳው አምስት ብቻ ቢበስሉ እንኳ ክለቡ አምስት ተጫዋች አገኘ። ሦስቱ ግን ውላቸው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ በነጻ ይሄዳሉ፣ ክለቡም እንደገና ይገዛል።

ችግሩ አምስቱም በነጻ መሄዳቸው ነው። ቁልፉ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ከሥነ ልቦናውም፣ ከበጀቱም ይልቅ። ገለምሶ ላይ በሬ ያሰባ ገበሬ በሬው የእሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም ጠዋት መጥቶ ፈትቶ አይወስድበትም። ተጫዋች ሰው ነው፣ ባለቤት የለውም፣ ልሂድ ሲል ይሄዳል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ለአሳዳጊው የሚደርሰው ድርሻ ከሌለ ማንም አያሳድግም። ፊፋ ይህንን አስቀድሞ ስላሰበ ሁለት ነገር አበጅቷል። አንዱ የሥልጠና ካሣ ነው። ሌላው "የአብሮነት ክፍያ" ልበለው፤ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከዋጋው 0.25 በመቶ፤ ከ16 ጀምሮ ደግሞ በዓመት 0.5 በመቶ። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ገለምሶ ላይ በተመዘገበ ክለብ ቢያድግና በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ የገለምሶው ክለብ ድርሻ 2 በመቶ፣ 20,000 ዶላር ነው። በዛሬው ምንዛሪ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ወዲህ ይህ ገንዘብ ፓሪስ በሚገኘው የፊፋ የክፍያ ማዕከል በኩል፣ በተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ መሠረት ይከፋፈላል። ከ2 ሚሊዮን ብር ስንት ኳስ፣ ስንት ጫማ እንደሚወጣ አንባቢ ያስላው።

"በተመዘገበ ክለብ" ያልኩትን ልብ በሉ። ፕሮጀክት ክለብ አይደለም። ልጁ በስሙ፣ በልደቱ፣ በክለቡ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ካልገባ ስለ እሱ ፓሪስ ላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የአገር ውስጥ ዝውውሩ ነው። ተጫዋቾቻችን ውል ጨርሰው ስለሚዘዋወሩ የዝውውር ዋጋ የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ፊፋ አባል ፌዴሬሽኖች በአገር ውስጥም አሠልጣኝ ክለብ የሚካስበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ይጠብቃል። ለእኛ የሚስማማን፣ በእኔ ግምት፣ ካሣውን ከዝውውር ዋጋ ነጥሎ ከምዝገባ ጋር ማሰር ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ከ23 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ሲያስመዘግብ፣ በነጻም ይምጣ በክፍያ፣ ከሚከፍለው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ የተወሰነ መቶኛ ላሳደጉት በቀጥታ ይሂድ። ያልከፈለ ምዝገባው አይጽናለት። ሐቀኛ መዝገብ ሲኖር የዕድሜ ነገርም እየጠራ ይሄዳል፤ በ12 ዓመቱ የተመዘገበ ልጅ በ17 ዓመቱ 15 ነኝ ማለት አይችልም።

በገለምሶና በጭሮ ይህ ይሠራል ብዬ የማምነው አካባቢው መጠበቅን ስለሚያውቅ ነው። የቡና ችግኝ ተክሎ ለፍሬ ሦስትና አራት ዓመት የሚጠብቅ አገር ነው። ሆኖም ከቡናው ጎን ያለውም ታሪክ አለ፤ ሐረርጌ ውስጥ ብዙ ገበሬ የቡና እግሩን ነቅሎ በዓመት ደጋግሞ በሚቆረጠው በጫት ተክቶታል። ሞኝ ስለሆነ አላደረገውም። የቡናው ዋጋ ሲዋዥቅ የሚጠብቅለት ስላልነበረ፣ ጫቱ ደግሞ ጥሬ ብር ስለሚያመጣ ነው። ገበሬው ለክፍያው ሥርዓት መልስ ሰጠ። ክለቦቻችንም እንደዚያው።

ወደ ሜዳው ልመለስ። የፓሪሱን ገንዘብ ነገር ለወጣቱ አሰልጣኝ ሳወራለት ልምምዱን በፉጨት አቆመና ከቦርሳው ውስጥ ባለ 50 ገጽ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ በላብ ወይቧል። ውስጡ በስክሪፕቶ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የክፍል ደረጃ፣ "ጫማ" የሚል አምድ ደግሞ ከዳር። ለአንዳንዱ "አለው"፣ ለብዙዎቹ ጭረት።

"ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው ያልከው?"

"ከ12።"

በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ፤ ልጆቹም ኳሱን ትተው ከበቡን። አንዱ ትንሽ ልጅ ደብተሩ ላይ ተንጠራርቶ የራሱን ስም ፈልጎ ሲያገኘው "ኮች፣ እኔ እኮ ባለፈው ወር ነው 12 የሞላኝ፤ አላስተካከልከውም!" አለው። አሰልጣኙ ስክሪፕቶውን ከኪሱ አውጥቶ 11 የሚለውን ሰረዘ።